የእኛ ጉድጓድ፣ የአባባ ሙሄ ምንጭ

በቀደም የእህቴን ልጅ ይዤ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር በተሠራው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ ስንንሸራሸር ዝናብ ያዘን። ሮጠን መጠለያ ሥር ገባን። ቦታው እንዳማረበት መካድ አይቻልም፤ ድንጋዩ ተነጥፏል፣ አበባው ተተክሏል፣ አግዳሚው ላይ ፍቅረኛሞች ተደርድረዋል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የውሃ ፕላስቲክ ወደ ወንዙ የወረወረ ጎረምሳ ላይ "እናትህ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ታደርጋለህ?" እያለ ይጮሃል። ጎረምሳው አፍሮ ሳቀ።

ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ከዚያ አፍንጫ ይሰነፍጥ ጀመር። የወንዙ የራሱ ሽታ አይደለም። ከላይ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ ከግቢዎቹ ባንዱ ውስጥ፣ ዝናብ ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ሽንት ቤቱን ለቆታል። ልጅቷ በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን ይዛ "አክስቴ፣ ማነው እንዲህ የሚያደርገው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ዋሸኋት። ማን እንደሚያደርገው፣ እንዴት እንደሚያደርገው፣ ምን ዓይነት ዝናብ እንደሚመርጥ ሳይቀር አውቃለሁ። አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው የተማርኩት። ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አፍራለሁ።

ያደግሁት ከአፍንጮ በር ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ግቢያችን የአራት አባወራ ነበር፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጭቅጭቅ። ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቁም ሳጥን የገዛ ሰው ፈታቶ ነው የሚያስገባው። አባዬ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ። ግቢው ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፈውም፣ የተጣላ የሚያስታርቀውም እሱ ነው። እኔ አባቴ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከእኛ በታች፣ ወንዙ ከመድረሱ በፊት ያለው የመጨረሻ ቤት የአባባ ሙሄ ነው። አባባ ሙሄ ወሎዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሥራቸው ዣንጥላ መጠገን ነው። በበጋ ጫማም ቦርሳም ይሰፋሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን ድልድዩ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዱካቸውን አስቀምጠው፣ ፒንሳና ሽቦ ይዘው ይቀመጣሉ። የፒያሳ ሰው ዣንጥላው ሲገለበጥበት እየተሳደበ እሳቸው ጋ ይሄዳል፤ እየሳቀ ይመለሳል።

የወንዙ ዳር ነዋሪ ሁሉ አጥሩን በየዓመቱ ስንዝር ስንዝር እያለ ወደ ውሃው ይገፋ ነበር። አባባ ሙሄ ግን ከአጥራቸው እስከ ውሃው ያለውን አሥር እርምጃ የሚያህል መሬት ለራሳቸው አልወሰዱትም። "የወንዙ ድርሻ ነው" ይላሉ። ሰንሰልና ሸምበቆ ተክለውበታል። ሸምበቆው ጎርፍ ሲመጣ ይተኛል፣ ጎርፉ ሲያልፍ ይነሳል፤ አፈሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ላይኛው ጎረቤታቸው ወደ ወንዙ አስጠግቶ የሠራው ኩሽና አንድ ሐምሌ ከነምድጃው ሲሄድ የእሳቸው ዳርቻ አልተቀነሰም።

ከዚያ ሸምበቆ መሃል ነው ምንጩ ያለው። ከትልቅ ጥቁር ድንጋይ ሥር ይወጣል፤ በእጅ ጣት ልክ ነው፣ ግን በጋ ከክረምት አይቋረጥም። አባባ ሙሄ ዙሪያውን በድንጋይ ከበውታል። ከላይ በኩል አንድ ቆርቆሮ አላቸው፤ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮውን ከድንጋዮቹ መሃል ይሰኩታል፣ ከቁልቁለቱ የሚመጣው ጎርፍ ምንጩን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጉዳያቸው ከቤት ሲያርቃቸው ቆርቆሮውን ሰክተው ነው የሚወጡት።

ቧንቧችን ክረምት ሲገባ ይጠፋል፤ ሰማዩ ውሃ ሲያወርድ መሬቱ ለምን ውሃ እንደሚያጣ አባዬ እንኳ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወደ አባባ ሙሄ ምንጭ ይወርዳሉ። ከሁሉ በላይ የምትመላለሰው ልብስ አጣቢዋ በላይነሽ ነበረች፤ የስድስት ወር ልጇን አዝላ ታጥባለች። እሳቸውም ውዱእ የሚያደርጉት እዚያው ነው። በቀን አምስት ጊዜ እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ ክንድ፣ እግር። እኔ የሚታጠቡት ወንዙ ስለሚያቆሽሻቸው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም መንግሥት ወንዙን እንዲጠብቁ የቀጠራቸው ሰው ናቸው ብዬ ለጓደኞቼ ነግሬያለሁ፤ ደሞዛቸውንም ገምቼላቸዋለሁ።

የእኔ ሥራ ቆሻሻ መድፋት ነበር። ጠዋት ጠዋት በጎደሎ ባልዲ አመዱን፣ ልጣጩን፣ ፌስታሉን ይዤ ወርጄ ወንዙ ውስጥ እገለብጣለሁ። ውሃው ከድልድዩ ሥር ታጥፎ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ክረምቱ ሲጀምር አንድ ቀን ልገለብጥ ስል አባባ ሙሄ ከሸምበቆው መሃል ብቅ አሉ።

"ሰኒዬ፣ የኔ እናት፣ እሱን ወዴት ልትሰጂው ነው?"

"ለወንዙ።"

"ወንዙስ ለማን ይሰጠዋል?"

ድልድዩን አሳየኋቸው። "እዚያ ጋ ያልቃል" አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። ከድልድዩ ሥር ያለውን ሰፈር፣ ከሱ በታች ያለውን፣ ከዚያም በታች ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙትን ሰዎች በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ባለፈው ቅዳሜ የበላሁት ሰላጣ ከየት እንደመጣም ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲዬን እሳቸው ጋ አደርሳለሁ። አመዱን ሰንሰሉ ሥር ይበትኑታል፣ ልጣጩን ከአጥራቸው ውስጥ፣ ከምንጩ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ ፌስታሉን አጥበው አጣጥፈው "ይኼን ለእናትሽ፣ ገና ያገለግላል" ብለው ይመልሱልኛል። እማዬ በፌስታሉ መመለስ ሳቋን አትችለውም ነበር።

እኔ ግን ኮራሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ረዳት የሆንኩ መሰለኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። ሽንት ቤት መጣጭ መኪና ከላይ ከዋናው መንገድ ይቆማል፤ ቱቦው በጠባቧ መንገድ ቢዘረጋ ቢዘረጋ እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ግቢያችን የራሱ ዘዴ ነበረው። በጉድጓዱ የታችኛው ግድግዳ፣ ወደ ቁልቁለቱ በኩል፣ በድንጋይና በጭቃ የተደፈነ ቀዳዳ አለ። የዓመቱ ትልቁ ዝናብ ሲመጣ ድንጋዩ ይነቀላል፤ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ሲያልቅ ይደፈናል። በሰፈሩ ይህን የማያደርግ ግቢ አልነበረም፤ ስሙም "መልቀቅ" ነው።

ትልልቆቹ እኛ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ አልጋው ላይ ሆኜ ሰማሁ። አዲስ ነገር ነበር። አባባ ሙሄ በሌላው ዓመት ትልቅ ዝናብ ሲጥል ድልድዩ ጋ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ ሁሉም አልቆ፣ ታጥቦ ይጠብቃቸዋል። ዘንድሮ ግን እግራቸው አብጦ ቤት ከዋሉ ሳምንት አለፋቸው።

"ካዩን አለቀልን፤ ሰፈሩን በሙሉ ይሰበስቡብናል" አለ አንዱ ጎረቤት።

"ለምን አንነግራቸውም?" አለች እማዬ። "በሳቸው በኩል እኮ ከድልድዩ የሚመጣ መንገድ አለ። መኪናው እሳቸው አጥር ድረስ ይገባል።"

እትዬ ብርቄ፣ የግቢያችን ትልቋ ሴትዮ፣ ሳቁ። "ምን ልትያቸው ነው? ሸምበቆዎትን ቆርጠው የኛን ጉድ ያሳልፉልን? ለሸምበቆው ከልጅ በላይ የሚሳሱ ሰውዬ!"

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሽማግሌውን ማስቸገር ነውር ነው" አለ።

ነውር ማለት ይህ እንደሆነ አመንኩት። አባቴ ነዋ ያለው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቆረ። አባዬ ከሥራ ቀርቶ ነበር። ከበሩ ጀርባ የሚሰቀለውን ደህናውን ዣንጥላ አንስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲመለስ ከሽቦዎቹ አንዱ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

"ሰናይት፣ ይኼን ለአባባ ሙሄ ውሰጂላቸው። እስኪጠግኑት እዚያው ጠብቂ። ንፋስ ሰበረው በያቸው።"

"የቱ ንፋስ?"

"ንፋስ አልኩሽ!"

እማዬ ከምድጃው ሳትዞር "ልጅቷን በዚህ ውስጥ ለምን ታስገባታለህ?" አለች።

"ማን ይሂድ ታዲያ? አንቺ ትሄጃለሽ?"

እማዬ ዝም አለች። እኔ ዣንጥላውን ይዤ እየዘለልኩ ወረድኩ። አባባ ሙሄ ቤት መሄድ እወዳለሁ፤ ቆሎ አይጠፋም።

እግራቸውን ሣጥን ላይ ሰቅለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ዣንጥላውን ተቀብለው ዘረጉት። የተሰበረውን ሽቦ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ንፋስ ሰበረው።"

"እህ። ንፋስ።" ሌሎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነካኩ። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። "ንፋስ እኮ ሲሰብር ሁሉንም ጠምዝዞ ነው፣ የኔ እናት። የዛሬው ንፋስ መራጭ ነው።"

ሳቅሁ። የቀለዱ መስሎኝ ነው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ፒንሳቸውን አነሱ። ዝናቡ ያኔ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየተጯጯህን ካልሆነ በቀር አንሰማማም። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ስለ ትምህርት ቤት እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው አዲስ ሽቦ ይለካሉ። ያቺ ሩብ ሰዓት የዚያ ክረምት ጥሩዋ ሩብ ሰዓት ነበረች።

ከዚያ ሽታው መጣ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። በበሩ ሥር በሚያልፈው ቦይ ውሃው ቀለሙ ተለውጦ፣ አረፋ እየደፈቀ ሲመጣ አየሁት። ቦዩ ደግሞ ሞልቶ ነበር፤ የሰፈሩ ፌስታል አፉን ደፍኖታል። ውሃው ቦዩን ጥሶ ወደ ሸምበቆው፣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ዞረ። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዣንጥላው፣ ቀጭ ያለው ድምፅ፣ የእማዬ ዝምታ። አሥር ዓመት ትንሽ ዕድሜ ነው ይላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በቂ ነው።

አባባ ሙሄም አሸተቱ። ፒንሳውን አስቀምጠው ዱላቸውን ፈለጉ።

"በወሬ ረሳሁት፣ ቆርቆሮው አልተሰካም" አሉ ለራሳቸው። "ያ ረቢ፣ ምንጩ!"

ሊነሱ ሲሉ ጋቢያቸውን ያዝኩ። በሁለት እጄ ጨምድጄ ነው የያዝኩት።

"አባባ ሙሄ፣ አይሂዱ! እግርዎን ያምዎታል።"

"ሁለት ደቂቃ ናት፣ ልቀቂኝ።"

"እማዬ ዣንጥላውን አሁን ትፈልገዋለች! ቶሎ በይ ብላኛለች!" ድምፄን ከዝናቡ በላይ ከፍ አደረግሁ። አለቀስኩም። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ከወጡ ቀና ብለው አባቴን አካፋ ይዞ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ያዩታል ብዬ ፈርቼ ነው። ምንጩን አላሰብኩም ማለት እፈልግ ነበር። አስቤዋለሁ። አባቴንና ምንጩን አስቤ አባቴን መረጥኩ።

አባባ ሙሄ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ተመልሰው ተቀመጡ።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "ይኼ እግር አይረባም።"

ሽቦውን ጨረሱት። ሒሳብ አልተቀበሉኝም። ስወጣ በሸምበቆው በኩል ማየት አልፈለግሁም፤ ግን አየሁ። ጥቁሩ ድንጋይ አይታይም ነበር።

በማግስቱ ምንጩን ሲቀዱና ሲደፉ፣ ሲቀዱና ሲደፉ ዋሉ። ለሚወርዱት ሴቶች ሁሉ "ሰሞኑን አትቅዱ፣ ጎርፍ ገብቶበታል" ይላሉ። ጎርፍ ነው ያሉት፤ ሌላ ቃል አልተጠቀሙም። በላይነሽ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ሞልታ ወስዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጇ ታመመች፤ ተቅማጥና ትውከት። ሐኪም ቤት ተኛች። የግቢያችን ሰዎች ድምፃቸው ቀነሰ። እትዬ ብርቄ ለሕፃኗ ሻማ ተሳሉ። አባዬ ለሦስት ቀን እራት አልበላም፤ እኔም አልበላሁም፣ ግን ማንም ማንንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሕፃኗ ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ተመለሰች።

ከዚያ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ መጡ። ምንጩን አዩ፣ ውሃ በጠርሙስ ወሰዱ፣ በየግቢው እየዞሩ ጠየቁ። እኛ ግቢ ሲደርሱ አባዬ ወንበር አወጣላቸው። ከላይ የሚፈስ ነገር አለ ወይ ሲሉ ሁሉም ዓይኔን ግንባር ያርገው አሉ። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ ጥሩ ፊት ነበራት።

"አንቺ ታች ትወርጃለሽ አይደል? ሰውዬው ምንጩ አጠገብ ምን ያደርጋሉ?"

አባዬ ጫማውን ያያል።

"ቆሻሻ እወስድላቸዋለሁ" አልኩ። "እሳቸው ይቀብሩታል።"

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የት እንደሚቀብሩት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ነበር፤ አንድ ቃል ብጨምር ይቆማል። አልጨመርኩም። አባዬ ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት አይቼበት አላውቅም፤ ያመሰገነኝም ያፈረብኝም መሰለኝ።

የውሃው ውጤት እንደሚጠበቀው ሆነ። በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈኑት። ማንም ቢሆን ያንን ውሃ ክፍት ሊተወው አይችልም፤ እነሱን አልወቅስም። አባባ ሙሄ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አዩ። ሠራተኞቹ ሲጨርሱ እሳቸው ውሃ አምጥተው እጃቸውን አስታጠቧቸው። ውሃውን ከላይ ካለው ቦኖ በጀሪካን ያመጡት ነበር፣ በዚያ እግራቸው።

ወሬውማ ቀድሟቸው ሄዷል። "ሽማግሌው ቆሻሻ እየሰበሰቡ ምንጩን መረዙት" ተባለ። በላይነሽ በበራቸው ስታልፍ ሰላምታ ትታለች፤ ልጇን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሳቸው ግን "እንዴት አደርሽ፣ ሕፃኗስ ተሻላት? አብሽሪ!" ይላሉ፤ መልስ ባያገኙም። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃቸው ነበር። ዣንጥላውን የሰበረውን ንፋስ ያውቁታል። አልተናገሩም። እኔን ያ ዝምታ ከዱላ በላይ ያመኝ ነበር፤ በመንገድ ሲመጡ ሳይ ሌላ መንገድ እዞራለሁ። ባልዲዬንም መልሼ ወንዙ ውስጥ እገለብጥ ጀመር፤ እሳቸው ጋ ላለመድረስ ብዬ። እንዲህ ያለ ነገር አለ? አጥፍቼ፣ ጥፋቴን ለመሸሽ ደግሞ እንደገና አጠፋለሁ።

በጳጉሜ፣ ዝናቡ ሲቀል፣ አባባ ሙሄ ዳገቱን ወጥተው ግቢያችን መጡ። ሁሉም ሰው ባለበት ቦታ ደረቀ። እትዬ ብርቄ ልብስ መጭመቃቸውን አቆሙ።

"ጋሽ ታደሰ" አሉ አባዬን። "ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ከድልድዩ የሚመጣው መንገድ እኔ አጥር ድረስ መኪና ያስገባል። ከእኔ አጥር እናንተ ጉድጓድ ድረስ ቱቦ ይደርሳል፤ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ሸምበቆውን በዚህ በኩል ቆርጬ በር አወጣለሁ። መጣጩን መኪና በየዓመቱ አስመጡት።"

አባዬ ሁለት እርምጃ ወደሳቸው ቀረበ።

"ሸምበቆውን... አባባ ሙሄ፣ እንዴት አድርገን..."

"ሸምበቆ እኮ ይበቅላል" አሉ። "ጎረቤት አይደለን? ምነው ክረምቱ ሳይገባ በነገራችሁኝ!"

ከዚህ ሌላ አላሉም። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት። አባዬ መሬት መሬት እያየ "እንመጣለን፣ እናግዝዎታለን" ብቻ አለ።

መኪናው የመጣ ቀን አባዬ ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ አውልቆ፣ በካናቴራ፣ ቱቦውን በእጁ ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ቱቦው እያንጠባጠበበት እንኳ ለሌላ ሰው አልሰጠም። ጉድጓዱ ሲያልቅ ያንን የታች ቀዳዳ እሱ ራሱ በሲሚንቶ ደፈነው። ሲያበቃ አባባ ሙሄ ፊት ቆሞ ሊናገር ፈለገ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አባባ ሙሄ ትከሻውን መታ አድርገው "ታጠብ፣ ታጠብ" አሉት። የአባቴ ይቅርታ እዚያ ላይ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም ሲናገረው አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ የተቆረጠውን ሸምበቆ ሲሰበስቡ አየኋቸውና ወረድኩ። በዚያ ክረምት ሸሽቻቸው ሸሽቻቸው፣ መሸሽ ደክሞኝ ነበር። እሳቸው ሸምበቆውን በክንድ በክንድ ልክ እየቆረጡ በውሃው ዳር፣ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ይሰኩታል። አንዳችም ሳልናገር አጠገባቸው ተንበርክኬ አቀብላቸው ጀመር። ከጎናችን የምንጩ ሲሚንቶ ነጣ ብሎ ይታያል። ምንጩ በሲሚንቶው ሥር ሌላ መውጫ እየፈለገ ይሁን፣ ወይ ጨርሶ ደርቆ ይሁን፣ ማንም አያውቅም።

"አባባ ሙሄ" አልኩ። "ያን ቀን ዣንጥላውን ይዤ የመጣሁ ጊዜ..."

እጃቸው ላይ ያለውን ሸምበቆ ሰክተው፣ በመዳፋቸው አፈሩን ደልድለው፣ ጭቃ ባልነካው የእጃቸው ጀርባ ራሴን ነካ አደረጉኝ።

"ተይው፣ ሰኒዬ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ልጅ ነሽ። የሰጡሽን ይዘሽ መጣሽ፣ በቃ። ባንቺ ቅሬታ የለኝም፤ ወላሂ የለኝም።"

ጋቢዎን የያዝኩት አውቄ ነው። አራት ቃል ናት፤ አፌ ላይ ነበረች። ከጤና ጣቢያ የመጣችውንም ሴትዮ ሳላውቅ አይደለም የዋሸኋት ልላቸው ነበር የወረድኩት። እሳቸው ግን ቀድመው ምንም ለማታውቅ ልጅ ይቅርታ አድርገውላታል፤ ፊታቸውም ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ብሎ ነበር። እኔም ያችን ልጅ መስዬ "እሺ አባባ" አልኳቸውና ቀጣዩን ሸምበቆ አቀበልኳቸው።